ከከተማ የመጣው የዕቃ ማጠቢያ

ዕቃ የታጠበበት ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለተማሪዎቼ አቀረብኩላቸው። ሁሉም ሳቁብኝ። አንዲት እናት፣ «ምን ማለትህ ነው መምህር? ደጅ ይደፋል እንጂ ወዴት ይሄዳል!» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ደጅ ይደፋል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልነገረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ እንዴት እንደተማርኩት ነው።

የምኖረው ከአንድ ገበሬ ቤተሰብ ጋር ነው። እመቤቲቱን እማማ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ አባባ። ማድቤታቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ነው። እማማ ዕቃ የሚያጥቡት ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ሳፋውን መሬት ያስቀምጣሉ። ድስቱን በአመድ ይፈትጋሉ። የጠላውን እንስራ በግራዋ ቅጠል ያጥባሉ። በንጽሕናቸው ማንም አያማቸውም። ችግሩ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ነው። ሳፋውን ያነሱና እዚያው ደጃፉ ላይ ድፍት! ጠዋት ድፍት፤ ቀትር ድፍት፤ ማታ ድፍት።

ዓመት ሙሉ ስለሚደፋበት ቦታው በበጋ እንኳ አይደርቅም። ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ዶሮ ይጭረዋል፤ ዝንብ ይሰፍርበታል። የታጠበው ሰሃን የሚደርቀው ደግሞ እዚያው ጭቃው አጠገብ፣ ሣር ላይ ተደፍቶ ነው። የእማማ የልጅ ልጅ ገና መዳሁ ነው። ሲለቁት የሚድኸው ወዴት ይመስላችኋል? ቀጥ ብሎ ወደዚያ ጭቃ ነው።

ባለፈው ክረምት ሕፃኑ ሁለት ጊዜ በተቅማጥ ታመመ። በሁለተኛው ጊዜ ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባው ጠፋ። አባባ በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈውት ጤና ጣቢያ ሮጡ። እዚያ ኦአርኤስ የሚባለውን በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት በማንኪያ በማንኪያ እያጠጡ መለሱት። ያን ሌሊት እማማ አልተኙም። እኔም አልተኛሁም።

ሕመሙ ከዚያ ጭቃ መጣ ብዬ አልፈርድም። የተቅማጥ መንገዱ ብዙ ነው። በመጠጥ ውሃ ይመጣል፤ በእጅ ይመጣል፤ በምግብና በዝንብም ይመጣል። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ልታይ በመጣች ጊዜ መጀመሪያ ያየችው መጸዳጃውን ነው፤ ቀጥሎ ያየችው ያንን ጭቃ ነው። እንደምታውቁት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ውስጥ የፈሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ አንዱ ትምህርት ነው። ልጅቷ፣ «እማማ፣ ይህ ኩሬ መድረቅ አለበት» አለቻቸው።

እማማም፣ «ታዲያ ውሃውን በአፌ ልያዘው?» አሏት።

እኔ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ በዓል ደረሰና ወደ ከተማ፣ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ በዚያው ሳምንት የማድቤቷን የዕቃ ማጠቢያ ልታስለውጥ ተዘጋጅታ ነበር። በከተማ ይህ ዕቃ ሲንክ ይባላል። ሲንክ ምንድን ነው? ቁመተ ሰው ቆሞ ዕቃ የሚያጥብበት ገንዳ ነው። ከላይ ቧንቧ ውሃ ያወርድበታል። ከግርጌው ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው ሥር ቱቦ ተገጥሞ የቆሸሸውን ውሃ ከቤት ያወጣዋል።

የእናቴ ሲንክ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ተራ ብረት ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ማረሻችሁን ታውቁታላችሁ። በብረቱ ውስጥ ክሮሚየም የሚባል ሌላ ማዕድን ከመቶ ከ10 እጅ በላይ ሲቀላቀልበት ግን ዝገት አይደፍረውም። ሃሪ ብሬርሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሼፊልድ በምትባል ከተማ እንዲህ ያለውን ብረት የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ነው። ቢሆንም ጠላት አለው። በረኪና ወይም ጨው ሲያድርበት ይበሳሳል። በአሸዋ ሲፈትጉት ይጫጫራል።

ገንዳው ራሱ ደህና ነበር። ግን በጠርዙ በኩል ውሃ ሾልኮ ከሥሩ ያለውን እንጨት አበስብሶታል። እናቴም ባለ ሁለት ገንዳ ስለፈለገች አዲስ ገዛች። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። እኔ ረዳት ሆንኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውሃው መስመር ይዘጋል። ከዚያ ቧንቧው ተከፍቶ የቀረው ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥር ባልዲ ይደረግና የተጣመመው ቱቦ በእጅ ይፈታል። ከቱቦው የቆየ ውሃና ቅባት ባልዲው ውስጥ ወረደ። የሽታውን ነገር አታንሱት! ሠራተኛው፣ «ድፋውና ና» አለኝ። እኔም ባልዲውን አንስቼ እዚያው ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት። ቱቦው ተፈቷል እኮ! ውሃው በቀዳዳው ወርዶ እግሬን አጠበው። እናቴ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንን መሆኑን ጠየቀችኝ።

ቀጥሎ ገንዳውን ከእንጨቱ ጋር የያዙት መቆንጠጫዎች ተፈቱ። የጠርዙ ማሸጊያ በቢላዋ ተቆረጠ። አሮጌው ተነሣ። አዲሱ ባለ ሁለት ገንዳ ስለሆነ የእንጨቱ ክፍተት አልበቃውም፤ የበሰበሰው ተጥሎ አዲስ እንጨት ተተካ፤ ክፍተቱም ሰፋ። በቀዳዳው ላይ ቀለበት ጎማ ገባና ቱቦው ተጠበቀ። የፕላስቲክ ጥርስ ከመጠን በላይ ሲጠብቁት ይሰነጠቃል። ሠራተኛው፣ «እጅህ በቃ ሲልህ አቁም» አለኝ። በመጨረሻ ገንዳው እስከ አፉ በውሃ ተሞላ፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። ሠራተኛው በየመጋጠሚያው ላይ ደረቅ ወረቀት አስነካ። ወረቀቱ ከራሰ ያፈሳል ማለት ነው። አንዱ መጋጠሚያ ያፈስ ነበር፤ ፈትቶ ጎማውን አስተካከለው።

ግን ቱቦው ለምን ተጣመመ? ይህን ነገር ልብ በሉ። ቱቦው ወደ ታች ይወርድና እንደ አንገት ታጥፎ እንደገና ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይቀራል። ይህ የቀረ ውሃ በር ነው። ከጉድጓድ የሚመጣው ሽታ ውሃውን አልፎ ወደ ማድቤት መግባት አይችልም። በረሮም እንደ ልቡ አይወጣም። ሠራተኞቹ ይህን ሲፎን ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ለንደን ውስጥ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ በመጸዳጃ ቤት ላይ እንዲህ ያለ የታጠፈ ቱቦ በስሙ አስመዝግቧል። ትልቅ ማሽን አይደለም፤ የታጠፈ ቱቦ ብቻ ነው።

አሮጌው ሲንክ ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አየሁት። የእማማ ደጃፍ ታየኝ። «እማዬ፣ ይህን ልውሰደው?» አልኳት። «ከነቱቦው ውሰደው» አለችኝ።

አውቶቡስ ላይ ረዳቱ የጭነት ሂሳብ ካልከፈልክ አለ፤ ከፈልኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ መንደራችን በአህያ ጫንነው። በመንገድ ያገኘን ሁሉ ይጠይቃል። አንዱ፣ «ለጥጃ ማጠጫ ነው?» አለ። ሌላው የሕፃን ማጠቢያ መሰለው። አባባ ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቧንቧ በሌለበት ቤት የቧንቧ ዕቃ ምን ይሠራል?» አሉኝ። መልሱ አስቸጋሪ አልሆነም። ከግርጌው ትንሽ መክፈቻ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከገንዳው በላይ ከተቀመጠ ውሃ ይወርዳል። አስቸጋሪው ሌላ ነገር ነበር፤ ግን በዚያ ቀን አላወቅሁትም።

ውሃው መስረጊያ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። መስረጊያ ጉድጓድ ማለት በድንጋይ የሚሞላ ጉድጓድ ነው። ውሃው በድንጋዩ መካከል ወርዶ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይገባል። ከላይ ስለሚሸፈን ዝንብ አያገኘውም። እኔም ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ነበርና ዶማና አካፋ ይዤ ከማድቤቱ በስተጀርባ፣ በቁልቁለቱ በኩል መቆፈር ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆፈርኩ። እጄ ውሃ ቋጠረ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ሽማግሌው መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ቆሙ። ቆይተው፣ «መምህር፣ ይህን ውሃ ማን ሊጠጣው ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም። በበትራቸው ወደ ታች አመለከቱ። ከአጥሩ ማዶ የእሳቸው የውሃ ጉድጓድ አለ። ከቆፈርኩበት እዚያ ድረስ አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሱም ቁልቁለት። ከእኔ ጉድጓድ የሰረገው ውሃ በአፈር ውስጥ ወርዶ የሳቸው ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። ከሳቸው ጉድጓድ የሚቀዳው አንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ በበጋ አራት ቤት ይቀዳበታል። የአንዱን ሕፃን ደጃፍ አደርቃለሁ ብዬ የአራት ቤት ሕፃናትን መጠጥ ላበላሽ ነበር።

አፈርኩ። አባባም ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በሽማግሌው ላይ ነበር። «በገዛ ግቢዬ ምን አገባህ?» አሏቸው። ሽማግሌውም፣ «ግቢው ያንተ ነው፤ ውሃው ግን አጥር አያውቅም» ብለው መለሱ። ነገሩ ሊከር ነበር። እኔ አካፋውን አንሥቼ ጉድጓዱን መልሼ መሙላት ስጀምር ሁለቱም ዝም አሉ።

ልኩ ይህ ነው፤ ጻፉት። መስረጊያ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ሜትር በረጅም እርምጃ አንድ እርምጃ ያህል ነው። ከውሃው በላይ፣ በዳገቱ በኩል መሆን የለበትም። የጉድጓዱ ግርጌም ከመሬት ውስጥ ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። ስትቆፍሩ ውሃ ከወጣ ያ ቦታ አይሆንም፤ ተዉት።

በማግሥቱ ወደ ግቢው ሌላ ወገን ሄድን። እዚያ አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ስለነበር መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ብናፈስበት በስንጥቁ ገብቶ ወዲያው ጠፋ። ደስ አለኝ። አሁን ደግሞ አባባ ናቸው ያስቆሙኝ። «መረሬን በበጋ አትመነው። ውሃ ሲጠግብ ያብጥና አፉን ይዘጋል» አሉ። ልክ ነበሩ። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ ሞላንበት። ሰረገ። እንደገና ሞላንበት። ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋት እዚያው ነበር፤ ሰማይ ይታይበታል።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ አንድ ጊዜ ብቻ አትሙሉ። መጀመሪያ አፈሩ ይጠጣ። ፈተናው ሁለተኛው ውሃ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ከጌሾው ተክል አጠገብ ነበር። አፈሩ ቀይና ልል ነው። ከሽማግሌው ጉድጓድም ሆነ ከሌላ ሰው ጉድጓድ ከ40 እርምጃ በላይ ይርቃል። እማማ ቡና አፍልተው ነበር። አቦል ሲቀዳ ሁለተኛውን ውሃ ሞላን። በረካ ሲደርስ ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። ሁላችንም አየን፤ ሽማግሌውም መጥተው አዩ።

ግን አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ከማድቤቱ እስከ ጌሾው ሩቅ ነው። እኔ ያለኝ ቱቦ አጭር ነው። ቱቦ ልንገዛ ዋጋውን እያሰብን፣ እኔ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላ፣ እማማ ከማድቤት ብቅ አሉ። «ማጠቢያው ወደ ጉድጓዱ ይሂዳ! ከማድቤት ተጣብቆ ይኑር ያለው ማነው?» አሉ።

ከተማ ያደገ ሰው ሲንክን ከማድቤት ግድግዳ ለይቶ አያየውም። እማማ ግን ውሃውንም ዕቃውንም የሚሸከሙት ራሳቸው ናቸው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ከወንዝ ሲመጡ መንገዱ በጌሾው በኩል ነው። ስለዚህ ውሃውን እዚያው አውርደው፣ ቀላሉን ዕቃ ይዘው መምጣት ይሻላቸዋል። ስሌቱን ከእኔ በፊት ጨርሰውታል።

ጉድጓዱን 1 ሜትር በ1 ሜትር አድርገን፣ 1 ሜትር ከስንዝር ያህል አጠለቅነው። ሌሊት ሕፃን ወይም ከብት እንዳይገባበት በእንጨት ከደንነው። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ትንንሽ ድንጋይ ሞላንበት። በላዩ ላይ አሮጌ ጆንያ ዘርግተን አፈር መለስንበት፤ ለቱቦው መግቢያ ብቻ ቀዳዳ ተውን።

ከባሕር ዛፍ አራት እግር ቆርጠን ጠረጴዛ አቆምን። ከፍታውን የለካነው በእማማ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸው የገንዳውን ግርጌ ሳይጎነበሱ እንዲነካ አደረግን። ይህን አትርሱ፤ የባል ቁመት አይለካም፤ የሚያጥበው ሰው ቁመት ነው የሚለካው። ባልም ካጠበ መልካም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ገንዳውን በመካከል አስገባነው። ጎኑ ላይ በቀጭን እንጨት ዕቃው ፀሐይ ላይ የሚደርቅበት ቆጥ ሠራን። ከላይ ትንሽ የሣር ክዳን አደረግንለት። ቱቦው እንዳይተኛ በየአንዱ ሜትር 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ እያለ እንዲወርድ አደረግነው። የከተማውንም የታጠፈ ቱቦ ገጠምነው። አባባ፣ «ይህን አንገት ለምን አታቃናውም? ውሃው ይፈጥን ነበር» አሉኝ። የሽታውን ነገር ነገርኳቸው። ቀጥ ያለ ዕቃ እንደሚወዱ ፊታቸው ይናገራል፤ ቢሆንም ተዉት።

በሁለተኛው ሳምንት ተደፈነ። እማማ ጠርተውኝ ገንዳው በቆሸሸ ውሃ ሞልቶ አሳዩኝ። ቱቦውን ስፈታው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቡና አተላና የወጥ ቅባት ወጣ። በዚህ ጊዜ ባልዲውን ሲንኩ ውስጥ አልደፋሁትም! ይህ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ቢወርድ ድንጋዩንም ይደፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍርፋሪው ቀድሞ ለዶሮ ይራገፋል። የቡናው አተላ ከጌሾው ሥር ይደፋል። በቱቦው አፍ፣ ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ ግርጌው የተበሳሳ አሮጌ ባልዲ አስቀምጠን ገለባ ሞላንበት። ቅባቱን ገለባው ይይዘዋል። እማማ በየሳምንቱ ገለባውን አውጥተው ይቀብሩታል፤ አዲስ ይለውጣሉ። ባልዲው ዝንብ እንዳይገባበት ክዳን አለው።

የማድቤቱ ደጃፍ ለመድረቅ አንድ ወር ፈጀበት። አባባ ቀይ አፈር አምጥተው ደለደሉት። ሕፃኑ አሁን መሄድ ጀምሯል። የሚሄደውም ወደ አዲሱ ማጠቢያ ነው፤ ከጀሪካኑ መክፈቻ ጋር መጫወት ይወዳል። እማማ ውሃ አባከነብኝ እያሉ ይጮኹበታል። ወገባቸውን ስጠይቃቸው ግን፣ «አሁንስ ዕቃው ቆሜ ነው የሚታጠብልኝ» ይላሉ።

ከከተማ ሲንክ የሚያመጣላችሁ ከሌለ አትጨነቁ። ጠረጴዛው፣ ቆጡና ጉድጓዱ የሚሠሩት በእንጨትና በድንጋይ ነው። ሁለት ሳፋ ይበቃል። አንዱ በሳሙና ለማጠብ፤ አንዱ በንጹሕ ውሃ ለማለቅለቅ። ሳፋው ሲያበቃ የሚደፋው በገለባው ባልዲ ላይ ነው።

ያ ጉድጓዴን ያስቆሙት ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት ወደ ክፍል መጡ። ትምህርቱ እስኪያልቅ በር ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ሲወጣ፣ «መምህር፣ ለእኛም ቤት እንቆፍር» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግን የሳቸው ግቢ አስቸጋሪ ነው። በአንድ በኩል የራሳቸው የውሃ ጉድጓድ አለ፤ በሌላው በኩል መረሬው ነው። ከግርግሙ ጥግ አንድ ቀይ አፈር ያለበት ቦታ አይተናል። ሐሙስ ዕለት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘን እንሄዳለን። የመጀመሪያው አፈሩን ማጠጫ ነው፤ የምንጠብቀው ሁለተኛውን ነው።